ለክረምት መጽሐፍ አናውስም ሲሉሽ

ይህ ደብዳቤ የደረሰኝ ግንቦት መጀመሪያ ላይ ነው። ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

"ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። በወሎ ካሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ደላንታ ናቸው፤ ከወገል ጤና ወጣ ብሎ ባለ ገጠር። ክረምቱን ሙሉ እዚያ ነኝ። በሚመጣው ዓመት የመውጫ ፈተና አለብኝ። ስለዚህ ሁለት መጽሐፍ ይዤ መሄድ ፈለግሁ፤ አንድ የኮስት፣ አንድ የኢንተርሚዲየት አካውንቲንግ። ላይብረሪ ሄጄ ስጠይቅ 'ሁሉም መጽሐፍ በሰኔ ይመለሳል፤ ለክረምት ውሰት የለም፤ ካልመለስሽ ክሊራንስ አንፈርምም' አሉኝ። አንዷ ጓደኛዬ 'ጠፋብኝ ብለሽ ዋጋውን ክፈዪና ያዢው' ትለኛለች። ሌላ ልጅ ደግሞ ሳይመዘገብ ማውጫ መንገድ አውቃለሁ ይላል። ቤታችን ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ መብራትም የለንም። መጽሐፎቹ ክረምቱን ተቆልፎባቸው ሲቀመጡ እኔ ባዶ እጄን መሄዴ አንገበገበኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ታላቅ ወንድሜም እዚሁ ግቢ ነበር። በ2014 በጦርነቱ ጊዜ ግቢውን በጥድፊያ ለቆ ሲወጣ የላይብረሪ መጽሐፍ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ትምህርቱን ሌላ ቦታ ጨረሰ። መጽሐፉ እስካሁን ቤታችን አለ። ብመልሰው እጠየቃለሁ ብዬ ፈራሁ። ምን ይሻለኛል? ተማሪዋ፣ ከደላንታ።"

እህቴ፣ አብሽሪ። ገና ግንቦት ነው፤ ግቢው እስኪዘጋ ብዙ ነገር ማድረግ ይቻላል። ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ብዙ ተማሪ ፈተና ሲያልቅ መጽሐፍ የሚባል ነገር ዓይኑ እንዲያይ አይፈልግም። አንቺ ግን የክረምት ንባብሽን ከአሁኑ እያሰብሽ ነው። በላይብረሪ የውሰት መስኮት ጀርባ ዓመታት ስለሠራሁ የውስጡን ነገር አውቀዋለሁና ላስረዳሽ።

መጀመሪያ ለምን እምቢ እንዳሉሽ እወቂ። እሱን ሳታውቂ የምታቀርቢው ጥያቄ ሁለተኛም እምቢ ይባላል።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ 1 አዲሱ ይገባል። ዓመቱ ሲዘጋ ንብረት ይቆጠራል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መጽሐፍም እንደ ወንበሩና እንደ ኮምፒውተሩ የመንግሥት ንብረት ነው። በሞዴል 19፣ ማለትም በንብረት ገቢ ደረሰኝ፣ ገቢ ይሆናል፤ ማኅተም ይመታበታል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በሰው ኃላፊነት ሥር ይገባል። ቆጠራ ላይ ጎድሎ ሲገኝ የሚጠየቀው ያ ሰው ነው። ስለዚህ ሰኔ ሲቃረብ የላይብረሪ ሠራተኛ ሐሳቡ አንድ ብቻ ነው፦ የወጣው ሁሉ ይግባ።

ሌላም ምክንያት አለ። ሰኔ ላይ "መስከረም እንገናኝ" ብሎ የሄደ ሁሉ አይመለስም። ውጤት የማይመጣለት አለ። ዊዝድሮው ሞልቶ ትምህርቱን የሚያቋርጥ አለ። የሚታመም፣ የምታገባ፣ ሥራ አግኝቶ የሚቀር አለ። መጽሐፉ ግን ከሻንጣው ጋር ሄዷል። በወሎ ደግሞ የ2014 ዓ.ም. ጦርነት አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ንብረታቸው ተዘርፎና ወድሞ እንደገና የተነሡ ናቸው። ያንን በዓይኑ ያየ ሠራተኛ የቀረውን መጽሐፍ ጠበቅ አድርጎ ቢይዝ አልፈርድበትም።

ይህ ፍርሃት በአገራችን ጥንትም ነበር። የድሮ የብራና መጻሕፍትን የገለጠ ሰው "ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን" የሚለውን ያውቀዋል። የሰረቀውም የፋቀውም የተወገዘ ይሁን ማለት ነው። መጽሐፍ ለማግኘት ከባድ በሆነበት አገር ጠባቂው ሁልጊዜ ይፈራል። እምቢ ያለሽን ሰው በዚህ ዓይን እዪው።

"ተቆልፎባቸው ይቀመጣሉ" ያልሽውም ሁልጊዜ እንደዚያ አይደለም። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሐምሌና ነሐሴ የክረምት ተማሪዎች የሚገቡበት ጊዜ ነው። አብዛኞቹ መምህራን ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ አስተምረው በዕረፍታቸው የሚማሩ። እነሱም ላይብረሪውን ይፈልጉታል። እርግጥ አንቺ የምትፈልጊውን የኮስት አካውንቲንግ መጽሐፍ ስንቱ ይነካዋል የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ጥያቄሽ ሲቀርብ ይህ ነጥብ ያግዝሻል።

አሁን ወደ አንቺ ወገን ልምጣ። ጅምላ ክልከላው ልክ አይመስለኝም። ምክንያቱን በግልጽ ልናገር።

ክልከላው ወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነው። መሬት ላይ ግን እኩል አይደለም። ቤተሰቡ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ተማሪ ክረምቱን ሙሉ ወደ ላይብረሪ እየተመላለሰ ማንበብ ይችላል። ዋይፋይ አለው። ከቀበሌው ወጥቶ ፎቶ ኮፒ ያደርጋል። ከደላንታ፣ ከሳይንት፣ ከዋድላ፣ ከአምባሰል ገጠር የመጣው ልጅ ግን ግቢውን ለቆ ሲወጣ መጽሐፉንም፣ ኢንተርኔቱንም፣ የንባብ ጠረጴዛውንም በአንድ ቀን ነው የሚያጣው። መስከረም ላይ ሁለቱም አንድ ክፍል ይገባሉ፤ አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናሉ። የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የሚወስደው ነው። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ከየት መጣህ ብሎ አይጠይቅም። ስለዚህ በክረምት መጽሐፍ የመያዝ ጉዳይ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። መጽሐፉ በጣም የሚያስፈልገው ከግቢው በጣም ለራቀው ተማሪ ነው፤ ክልከላው የሚያርፈውም እሱ ላይ ነው። ይህንን የዩኒቨርሲቲ አመራሮች ቢያስቡበት እወዳለሁ።

የቆጠራውም ነገር መፍትሔ አለው። ቆጠራ ማለት እያንዳንዱ መጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይገኝ ማለት አይደለም። የት እንዳለ ይታወቅ ማለት ነው። በውሰት የወጣ መጽሐፍ በተማሪዋ ስም፣ በመታወቂያ ቁጥሯ፣ በመመለሻ ቀኑ ተመዝግቦ ከተገኘ ጠፋ አይባልም። ብዙ ላይብረሪዎች የሚጠቀሙበት ኮሃ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ይህንን በቀላሉ ያሳያል። ለሁሉም ውሰት አንድ የመመለሻ ቀን አስቀድሞ መወሰንም ይችላል። በውጭ አገር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የዕረፍት ጊዜ ውሰት የሚባል የታወቀ አሠራር አላቸው። ተማሪው ከዕረፍቱ በፊት ያወጣውን መጽሐፍ ትምህርት ሲጀመር ይመልሳል። በመሃል ሌላ ሰው ከፈለገው ላይብረሪው መልስ ብሎ ይጠራዋል። እርግጥ ደላንታ ላለ ልጅ "በሦስት ቀን መልስ" ማለት አይሠራም፤ በሐምሌ ጭቃ ማን ይሄዳል? ለዚህ ነው እኛ ዘንድ ብዙ ቅጂ ያላቸው መጻሕፍት ብቻ መውጣት ያለባቸው።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ብቻሽን አትሂጂ። መስኮቱ ላይ ካለችው ሠራተኛ ጋርም አትከራከሪ። እሷ መመሪያውን አላወጣችውም፤ ልትሽረውም አትችልም። በክፍልሽ እንደ አንቺ ወደ ገጠር የሚገቡ ልጆችን አሰባስቢ። ከዚያ ለላይብረሪው ዳይሬክተር በጽሑፍ አመልክቱ። ደብዳቤው በዲፓርትመንት ኃላፊያችሁ በኩል ቢያልፍና ከኃላፊው የድጋፍ ቃል ቢታከልበት ክብደቱ ሌላ ነው። ግልባጩን ለተማሪዎች ኅብረት ስጡ። ፈተና ከመጀመሩ በፊት ይግባ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ሁሉም በጥድፊያ ነው፤ ማንም አያነብላችሁም።

የምትጽፉት አጭር ይሁን። እንዲህ ቢባል ይበቃል፦

"እኛ ስማችንና ፊርማችን ከዚህ በታች የሰፈረው የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በሚቀጥለው ዓመት የመውጫ ፈተና እንወስዳለን። ክረምቱን የምናሳልፈው ላይብረሪና ኢንተርኔት በሌለበት ገጠር ነው። ስለዚህ በርካታ ቅጂ ካላቸው መጻሕፍት ለእያንዳንዳችን እስከ ሁለት መጽሐፍ በክረምት ውሰት እንዲሰጠን በአክብሮት እንጠይቃለን። መጽሐፎቹ በስማችን ይመዝገቡ። በመጀመሪያው የምዝገባ ሳምንት እንመልሳለን። ሳንመልስ ብንቀር ምዝገባችን እንዲያዝ ተስማምተናል። አሠራሩ ዘንድሮ በሙከራ ደረጃ በእኛ ቢጀመር ደስ ይለናል።"

እዚህ ውስጥ ሦስት ነገሮች ሆን ተብለው ገብተዋል። አንደኛው "በርካታ ቅጂ ካላቸው" የሚለው ነው። ሪዘርቭ ላይ ያለውን፣ ማለትም እዚያው ብቻ የሚነበበውን፣ ወይም ብቸኛ ቅጂ የሆነውን አትጠይቁ። ያንን ስትጠይቁ የሌላውን ተማሪ ድርሻ እየጠየቃችሁ ነው። ሁለተኛው ዋስትናው ነው። ላይብረሪው የሚፈራው የማይመለስ ተማሪን ነው። ምዝገባ መያዝ ለሚመለስ ተማሪ በቂ ማሰሪያ ነው፤ ገንዘብ ማስያዝም አያስፈልግም፤ ድሃውን ልጅ ከጨዋታው የሚያስወጣው ገንዘብ ማስያዝ ነው። ሦስተኛው "በሙከራ" የምትለዋ ናት። አዲስ መመሪያ አውጣ የተባለ ኃላፊ ይሸሻል። አንድ ክፍል ለአንድ ክረምት ሞክር ሲባል ግን ሊያስበው ይችላል። ዘንድሮ ባይሳካ እንኳ ለሴሚስተር ዕረፍት ጠይቁ። ያ አጭር ስለሆነ ለመፍቀድ ይቀላል። እዚያ ላይ ሁሉም ከመለሰ ለክረምቱ መከራከሪያ አገኛችሁ።

ክሊራንሱን በተመለከተ፣ ውሰቱ ከተፈቀደ ቅጹ ላይ "በውሰት ላይ ያለ መጽሐፍ አለባት" ተብሎ በጽሑፍ እንዲሰፍር አድርጊ። በቃል ብቻ "ችግር የለም፣ ውሰጂው" ቢሉሽ አትቀበዪ። የዛሬዋ ሠራተኛ መስከረም ላይ ሌላ ክፍል ልትሆን ትችላለች።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ ምክር። ሁለቱንም ተዪያቸው።

"ጠፋብኝ" ማለት ውሸት ነው፤ አንቺም ታውቂዋለሽ። ግን ከውሸቱም በላይ የሚጎዳው ሰው አለ። የምትከፍዪው ገንዘብ ብዙ ጊዜ መጽሐፍ ሆኖ አይመለስም። ከውጭ የሚገባ መጽሐፍ ጨረታ አለው፣ የውጭ ምንዛሪ አለው። ዓመታት ይፈጃል። ከአንቺ ቀጥሎ ያለው ባች ያንን ቅጂ አያገኘውም። ምናልባትም ከዚያው ከደላንታ የመጣች ልጅ ትሆናለች። ሳይመዘገብ ስለማውጣት የነገረሽ ልጅ ደግሞ በር ላይ ሲያዝ አብሮሽ አይቆምም። ዲስፕሊን የምትቀርቢው አንቺ ነሽ። በአራተኛ ዓመት ዋዜማ እዚህ ውስጥ መግባት የለብሽም። የላይብረሪ መጽሐፍ አማና፣ አደራ ነው፤ በአማና ደግሞ ወሎ ላይ አይቀለድም።

ጥያቄያችሁ ውድቅ ቢሆንስ? ክረምቱ አይባክንም። እንዲያውም ከፈቃዱ ጎን ለጎን ይህንንም አድርጊው።

ከዲፓርትመንትሽ የመውጫ ፈተናውን ብሉፕሪንት ውሰጂ። የትኞቹ ኮርሶች እንደሚካተቱና ከየኮርሱ የትኛው ርዕስ እንደሚጠየቅ ይነግርሻል። ይህንን ስታዪ ሁለት ወፍራም መጽሐፍ ሙሉውን እንደማያስፈልግሽ ትረጂያለሽ። ከኮስት አካውንቲንጉ ጆብ ኦርደር፣ ፕሮሰስ ኮስቲንግ፣ የወጪና የትርፍ ግንኙነት፣ በጀት፣ ስታንዳርድ ኮስት የሚሉትን ምዕራፎች ለይተሽ ያዢ። እነዚህን ላይብረሪ ውስጥ ተቀምጠሽ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ብርሃን ባለበት፣ ገጹን ዘርግተሽ፣ እያንዳንዱን ምዕራፍ በየስሙ አስቀምጪ። ስልክሽ ቻርጅ የማይቆይ ከሆነ ዋና ዋናዎቹን ፎቶ ኮፒ አስደርጊ።

ከምዕራፎቹ መጨረሻ ያሉትን መልመጃዎች ግን በእጅሽ ጻፊያቸው። ይህንን የምለው ወረቀት ለመቆጠብ አይደለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ስሙ የታወቀ የትምህርት ቦታ ነበር። በወሎ የእስልምና ትምህርት ማዕከላት፣ በዳና፣ በጃማ ንጉሥም ደረሳው (ተማሪው) ኪታቡን ይዞ ይቀራ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን መጽሐፍ የሚበዛው በእጅ እየተጻፈ ነበር፤ የጻፈውም እየጻፈ ያጠናዋል። አካውንቲንግ ላይ ይህ በጣም ይሠራል። አንድን የፕሮሰስ ኮስቲንግ ጥያቄ ጽፈሽ፣ መጽሐፉን ዘግተሽ፣ ሠንጠረዡን ራስሽ ብትሠሪው በዓይንሽ ካነበብሽው ምዕራፍ የበለጠ ይቀርሻል።

ከግቢው ዋይፋይ ሳትለዪ አውርጂ። ኦፕንስታክስ የሚባል በአሜሪካ ራይስ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጅ የነጻ መማሪያ መጻሕፍት ድርጅት አለ። በአካውንቲንግ መርሆዎች ላይ ሁለት ቅጽ አለው። አንደኛው ፋይናንሻል፣ ሁለተኛው ማኔጄሪያል ነው። ሁለተኛው ላይ ከላይ የጠቀስኳቸው የኮስት ርዕሶች ሁሉ አሉ። ሙሉ መጽሐፉ በፒዲኤፍ ያለ ክፍያ ይወርዳል፤ በሕግ የተፈቀደ ነው። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ ፋይናንሻሉ በአብዛኛው የአሜሪካን ደረጃ ይከተላል። እኛ ዘንድ ግን በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 847 ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ አይ.ኤፍ.አር.ኤስን ነው ያስገባው። ስለዚህ ለኢንተርሚዲየት የመምህርሽን ሃንድአውት ዋና አድርጊ፤ ኦፕንስታክስን ማገዣ። የኢትዮጵያ ብሔራዊ አካዳሚክ ዲጂታል ላይብረሪም ገብተሽ ፈልጊ። ያወረድሽውን በስልክሽም በፍላሽም ያዢ። አንዱ ቢበላሽ አንዱ ይቀራል።

ወገል ጤና ከተማ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱን ላይብረሪ ጠይቂ። የገበያ ቀን ስትወጪ ስልክሽን ቻርጅ እያደረግሽ እዚያ ተቀመጪ። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ መግባት ካሰብሽ ደግሞ ከራስሽ ግቢ የትብብር ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ፤ ያለ ደብዳቤ በሩ ላይ ነው የምትቀሪው። መምህርሽን በስምህ አውጥተህ ስጠኝ ብለሽ ግን አታስጨንቂው። መምህራን ረዘም ላለ ጊዜ መዋስ ይችላሉ፤ ራሱ ካላለሽ ግን አትጠይቂ። ቢጠፋ ተጠያቂው እሱ ነው።

ክረምት ላይ ደግሞ አረም አለ፣ እናትሽን ማገዝ አለ፣ ቡና አለ፣ ዘመድ አለ። ቀኑን ሙሉ አነባለሁ ብለሽ አታቅጂ። ማለዳ ሰው ሳይነሣ አንድ ሰዓት፣ ያም በየቀኑ። ለቤተሰብ አስቀድመሽ ንገሪ። "ልጅቷ በጠዋት ታነባለች" ከተባለ ማንም አይነካሽም። ውሰቱ ተፈቅዶልሽ መጽሐፍ ይዘሽ ከሄድሽ ከጭስና ከጣሪያ ፍሳሽ አርቂው። በፌስታል ጠቅልለሽ፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ሣጥን ውስጥ። በእርሳስም ቢሆን አትጻፊበት።

የወንድምሽን መጽሐፍ ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት ብዙ ስላሰብኩበት ነው። እህቴ፣ መልሺው። ዘንድሮ፣ ማመልከቻውን ከማስገባትሽ በፊት ቢሆን ደግ ነው፤ ቤተሰብ የሚያመጣልሽ ሰው ካገኘ ይላኩልሽ። ካልሆነም መስከረም ላይ ይዘሽው ነይ። መመለሻ ሣጥን ውስጥ ጥለሽው አትሂጂ። ወደ ላይብረሪው ኃላፊ ገብተሽ እውነቱን ተናገሪ፦ ወንድሜ በ2014 ሲወጣ ይዞት ሄዶ ነበር፤ ይኸው። ያ መጽሐፍ ምናልባት ከተዘረፉት ጋር ተቆጥሮ ከመዝገብ ተሰርዞ ይሆናል። በወንድምሽ ቦርሳ ውስጥ ባይኖር ኖሮ መጽሐፉም አይተርፍም ነበር። ተመልሶ ሲመጣ የሚቆጣ የላይብረሪ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የወንድምሽን ስም፣ የመጽሐፉን ርዕስና ቁጥር ጽፈሽ "ተመላሽ ተደርጓል" የሚል ፊርማና ማኅተም ያለበት ወረቀት ተቀበዪ። ኮፒውን ለወንድምሽ ላኪለት፤ የትምህርት ማስረጃ ለማውጣት አንድ ቀን ይፈልገው ይሆናል። ቅጣት ይከፈል ቢሉሽ ጊዜው የጦርነት እንደነበር አስረድተሽ እንዲነሣልሽ ጠይቂ። እምቢ ካሉም ያለ ደረሰኝ አንድ ብር አትክፈዪ።